እሳቱን ያዳፈነ ሌባ

ድስቱ የለም።

ከተማው ሁሉ እትዬ የሚላቸው የምግብ ቤቱ ባለቤት ባዶው ምድጃ ፊት ቆመዋል። የጓሮው መስኮት ተሰብሯል። ሌላ የተነካ ነገር የለም።

የተሰረቀው ትልቅ የመዳብ ድስት ነው። አያታቸው በዳስ ሥር ለሾፌሮች ሾርባ መሸጥ የጀመሩበት፣ እናታቸው ግድግዳ አቁመው ጣሪያ አልብሰው ያወረሷቸው። እትዬ ባል የላቸውም፤ ልጅ አልወለዱም።

«ካልተገኘ ቤቱን እዘጋዋለሁ» አሉ።

ስርቆቱን ሊያጣራ የመጣው የፖሊስ መርማሪ ደነገጠ። ለእሱም ከዚህ ቤት በቀር «በላህ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው የለም።

በመጀመሪያ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ባለ ሆቴል ያዘው።

«ድስቱን ለመግዛት ለምነህ ነበር አሉ።»

«ለምኛለሁ፤ እንቢ አሉኝ። ብሰርቀውስ የት አባቴ እጥደዋለሁ? አገር የሚያውቀውን ድስት!»

ቀጥሎ በቅርቡ የተባረረውን ዕቃ አጣቢ ጠየቀ።

«እሱን ስፈትግ ነው ወገቤ የተቀጨው» አለ ሰውዬው። «ደግሞ ተሸክሜው ልዙር?»

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። መርማሪው ወደ ማድ ቤቱ ተመለሰ። ምድጃውን በእንጨት ጫር አደረገው። በጭልፋ ጀርባ ጥቅጥቅ ተደርጎ ከተከደነው አመድ ሥር ፍሙ ቀልቷል።

«ትናንት ማን ነው ያዳፈነው?»

«እኔ አይደለሁም» አሉ እትዬ። «ራሴን አሞኝ እንዲሁ ትቼው ወጣሁ።»

«ታዲያ እንዲህ በጭልፋ ጠቅጥቆ የሚያዳፍን ማን ነው?»

እትዬ ፍሙን መልሰው በአመድ ከደኑት። ከዚያ «እናታችን እንዲህ ነው ያስተማረችን» አሉ። «ሳያዳፍን የወጣ እራት አያገኝም ነበር። እኔና ወንድሜ።»

ወንድምየው በውርስ ተኳርፎ ከወጣ ወዲህ በከተማው ዳር ብቻውን ይኖራል። መርማሪው ሲገባ ትልቁ ድስት ትንሽዬ ምድጃ ላይ ተጥዷል። ውስጡ ለአንድ ሰው እንኳ የማይበቃ ሾርባ አለ።

«ለምን ሰረቅህ?»

«ከእናቴ ቤት ማንኪያ እንኳ አልደረሰኝም። ሾርባዋ አማረኝ። በድስቷ ብሠራው ጣዕሙ ይመጣልኛል ብዬ።»

«መጣልህ?»

«ለብቻ ሲበሉት ምኑ ይጥማል!»

«መስኮት ሰብሮ የገባ ሌባ እሳት ያዳፍናል እንዴ?»

ሰውዬው ግንባሩን በጥፊ መታ። «አዳፍኜ ነው የወጣሁት? እጄ ለምዶ ነው፤ ልብ አላልኩም።»

መርማሪው ወንድምየውን ድስቱን አሸክሞ እትዬ ፊት አቆመው። እትዬ ድስቱን ዞር ብለው አላዩም። የወንድማቸውን ሽበት ነው የሚያዩት። ይህ ሁሉ ሽበት መቼ እንደወጣ አላወቁም።

«ከጠዋት ጀምሮ ያውቁ ነበር» አላቸው መርማሪው።

«እሳቱን ሳይ አወቅሁ። የገዛ ወንድሜን በአፌ ሌባ ልበለው?»

«ታዲያ ራስዎ ሄደው አያንኳኩም? ፖሊስ ምን ያደርግልዎታል?»

«እኔ ባንኳኳ አይከፍትልኝም ብዬ ነዋ!»

ወንድምየው ድስቱን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«እከፍትልሽ ነበር፣ እትዬ» አለ። «በማንኛውም ቀን ብትመጪ እከፍትልሽ ነበር።»