እንጨት የመሰለ ድምፅ

ድምፁን ሲሰማ ኸድሩ የወረወራት ኳስ ጸሐይ ለመምቻ የያዘችውን ዘነዘና ያገኘች መስሎት እየሮጠ ሄዶ አነሣት። ቀና ሲል ግን ዘነዘናው መሬት ላይ ወድቋል፤ ጸሐይም አጠገቡ ተንበርክካ ጭንቅላቷን ይዛለች።

እህቱ ሀቢባ ቀድማው ደረሰች። ደም የለም። ከጓደኛዋ ግራ ጆሮ በላይ ግን ሎሚ የሚያህል እብጠት ወጥቷል። ጸሐይ ጥቂት ቆይታ ተነሣች፤ ቀሚሷን አራገፈች፤ ሣቀችም።

«ወንድምሽ መነጽር ይገዛለት» አለቻት።

እናቷ ከጠየቋት ወድቄ ነው እንደምትል ነግራቸው፣ ዘነዘናውን በትከሻዋ ተሸክማ ከቡና መጋዘኑ ጀርባ ባለው አቋራጭ ወደ ቤቷ ሄደች።

ጨዋታውን ከጀመሩ ሳምንት አልሞላቸውም። ኸድሩ የትምህርት ቤቱን የስፖርት ዕቃ ክፍል እንዲያጸዳ ታዝዞ ሳለ፣ ከአብዮቱ በፊት የነበረ አሜሪካዊ መምህር ትቶት የሄደ ካርቶን አገኘ። ውስጡ እንደ ድንጋይ የጠነከረች ነጭ የቆዳ ኳስና ስለ ቤዝቦል የሚያወራ አሮጌ መጽሔት ነበሩ። ማንንም ሳይጠይቅ በደብተር ቦርሳው ይዟቸው ወጣ። እሱ ከመጽሔቱ የጨዋታውን ሕግ አነበበ። ሀቢባ ደግሞ መዝገበ ቃላት ይዛ ስለ ክፉ ዕድል የተጻፈውን ገጽ አነበበች፤ ነገሯ ሁሌም እንደዚያ ነው።

ገጹ ላይ እንደተጻፈው፣ አንዱ ተጫዋች ቀላል ኳስ ከእጁ አምልጣው እስኪሸመግል ድረስ ስሙ በእሷ ብቻ ሲነሣ ኖረ። ሌላው፣ ከስልሳ ዓመት በፊት ነው፣ ጭንቅላቱን ተመታ። ወርዋሪው መምቻውን እንጨት የመታ መስሎት ኳሷን አንሥቶ ጨዋታውን ሊቀጥል ነበር። የተመታው ሰውዬ ተነሥቶ ጥቂት ተራመደ፤ ከዚያ ጉልበቱ ከዳው። ሐኪሞች ሌሊቱን ቀዶ ጥገና አደረጉለት። ሳይነጋ ሞተ።

ሀቢባ ይህንን ለወንድሟ ነገረችው። ኸድሩ ኳሷን በእጁ እያገላበጠ ሰማትና፣ ጸሐይ በእግሯ እንደሄደች አስታወሳት።

«እሱም በእግሩ ሄዷል» አለች።

«ፋራ አትሁኚ። እብጠት ነው፤ ነገ ይጠፋል።»

ድምፁ ግን ቀጥኖ ነበር። ኳሷ የመንግሥት ንብረት መሆኗን አነሣ። ባለፈው ወር የኳስ መንፊያ የወሰደ ልጅ በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ስሙ ተጠርቶ ከትምህርት ቤት ተባሯል።

«በዚያ ላይ አባባ ነጋዴ ነው። ቀበሌዎቹ ሰበብ ነው የሚፈልጉት። እሷም ወደቅሁ ብላለች፤ በቃ።»

ሀቢባ ኳሷን ከእጁ ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ልትደብቅለት መስሎት እፎይ አለ።

እነ ጸሐይ ቤት ስትደርስ በሩ ገርበብ ብሏል። የጸሐይ እናት እትዬ አሰፋች መጋዘኑ ውስጥ ቡና ሲለቅሙ ውለው መመለሳቸው ነበር፤ በሻሻቸው ላይ የቡናው ገለባ አልተራገፈም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ልጅቷ ዘነዘና ተሸክማ መንገድ ላይ እንደወደቀች፣ አንዴም እንዳስመለሳት ነገሯት። እብጠቱን ቅቤ ቀብተው አስተኝተዋታል።

«እንቅልፍ ይሻላታል ልጄ። ነገ ነይ።»

«ሲጠሯት ትሰማለች?»

«እህ ብላኛለች፤ ዓይኗን ግን አልገለጠችም። ደክሟት ነው።»

ሀቢባ ከመጋረጃው ወዲያ የጓደኛዋን ትንፋሽ አዳመጠች። ከባድና ቀርፋፋ ነበር። የሰንደቅ ዓላማው ሰልፍ ታያት፤ ኸድሩ ከፊት ቆሞ። አባቷ ቀበሌ ሲጠሩ ታዩዋት። ይህ ሁሉ ሊመጣ እንደሚችል ታውቃለች፤ አይመጣም ብላ ራሷን አላታለለችም።

ቦርሳዋን ከፍታ ኳሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። በቀዩ ስፌት ውስጥ አንድ ዘለላ ፀጉር ተይዟል።

«አልወደቀችም እትዬ። በዚህች ነው የተመታችው። የወረወረው ኸድሩ ነው።»

እትዬ አሰፋች ኳሷን አዩ፤ ከዚያ እሷን።

«ይቀስቅሷት፤ እንዳትተኛ። አባቴ ዛሬ ወደ ወናጎ አልሄደም፤ መኪናው ሱቁ በር ላይ ነው። ሆስፒታል እንወስዳታለን።»

ሴትዮዋ መጋረጃውን ገልጠው የልጃቸውን ስም መጣራት ጀመሩ። ሀቢባ ኳሷን እዚያው ትታ ወደ አባቷ ሱቅ ሮጠች።