በጠመኔ የተሠራ ቤት

ሟቹ የተኛው ሐይቅ ዳር ነበር፤ ሐይቁ ግን በሰማያዊ ጠመኔ የተሳለ ነው።

መርማሪዋ ጋራዡ ደጃፍ ላይ ቆማ ወለሉን አየችው። ሰውየው ቤተሰቡ በዚሁ ሳምንት ሊሄድበት ያሰበውን የሐይቅ ዳር የእንጨት ቤት በነጭ ጠመኔ ሲሚንቶው ላይ ስሎታል፤ ግድግዳው፣ መስኮቱ፣ አራቱ አልጋ። ጋራዡ ስላልበቃው ሐይቁን ከበሩ ሥር ጀምሮ ወደ ግቢው በሰማያዊ አፍስሶታል። የራሱን አልጋ በሳለበት ቦታ ላይ፣ በተነፋ ፍራሽ፣ በጀርባው ተንጋሎ ሞቷል። ፊቱ እንደ ጤነኛ ሰው ቀልቷል። እግሩ ሥር አንድ የከሰል ምድጃ አለ፤ ከሰሉ አመድ ሆኗል።

«የከሰል ጭስ ነው» አለ ሐኪሙ። «እንደተኛ ነው የሄደው።»

«ክብሪትስ?»

«ክፍሉን ሁሉ ፈተሽን። የለም።»

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ትንሽ ናት፣ ደግሞም ትወጋለች። ዛሬ ግን የተወጋችው እሷ ነበረች። አለቃዋ ደጋግሞ ይደውላል።

«ክብሪቱ በሚስትየዋ ሽርጥ ኪስ ውስጥ ተገኝቷል። በሩን እኔ ነኝ የዘጋሁት ብላለች። ምን ቀረሽ? እመጣለሁ፤ ይዣት እሄዳለሁ።»

ሚስትየዋ የሒሳብ አስተማሪ ናት። ኩሽና ውስጥ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች።

«በሩን ለምን ዘጉት?»

«ሰልችቶኝ። ሁለት ወር ሙሉ እዚህ ቤት ከሐይቅ በቀር ወሬ የለም። ማን የት ይተኛ፣ ማን ቀድሞ ይታጠብ። ከጉዞ በፊት ደግሞ ልምምድ አለ። ዕቃውን ይዘረጋና ጆሮው ውስጥ ጥጥ ወትፎ ከምሳ በኋላ እዚያው ይተኛል። ራሱ እስኪወጣ ማንም አያንኳኳም፤ ሕጉ ነው። ዛሬ አልጋዬን ለሦስተኛ ጊዜ አዛወረው። ‹ሐይቁ ይዋጥህ!› አልኩትና በሩን አላተምኩበት። ከዚያ ክፍሌ ገብቼ መጋረጃውን ዘጋሁ።»

«ምድጃው የዚያን ጊዜ እዚያ ነበር?»

«አልነበረም።»

አላለቀሰችም። ያላለቀሰች ሚስት ደግሞ ለጎረቤትም ለፖሊስም አትመችም።

አስከሬኑን ያገኘችው የሟቹ ታናሽ እህት ናት፤ ነርስ ነች። ሳሎን ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትላለች።

«ጋሼን ረግማዋለች! በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጊያለሽ?»

«ከምሳ በኋላ እርስዎ የት ነበሩ?»

«አጎበር ልገዛ ወጥቼ። ጋሼ አጎበር ብቻ ነው ያለው፤ አንሶላ እንኳን አልፈቀደም። ልጆች ሆነን ስንሄድ ሌሊቱ ከቀኑ ይብስ ነበር፤ ገላችን ላይ ስስ ጨርቅ አንችልም። እሷ ግን አጎበሩ ነጭ ካልሆነ ብላ ሳምንት ሙሉ ስታነጫንጨን…»

«እኔ የጠየቅኩት ስለ ሞት ነው።»

«እኔስ ስለ ምን የማወራ መስሎሽ ነው?»

መርማሪዋ እስክሪብቶዋን ከደነች። ስለ ሞት ስትጠይቅ ስለ አጎበር ይነግሯታል፤ ስለ በር ስትጠይቅ ስለ አልጋ። ይህ ቤተሰብ አንድ ጉዞ አቅዶ መጨረስ አቅቶት፣ አሁን ደግሞ ሐዘኑን እንኳን በወጉ መጀመር አልቻለም።

የእህትየዋ ባል የመሬት ቀያሽ ነው። ከግቢው ውጭ፣ ለጉዞ የተጫነውን የመኪናውን የኋላ ኮፈን ከፍቶ ዕቃ ያነሳል፣ መልሶም ያስቀምጣል።

«ወለሉ ላይ ያለውን ልክ ለጋሼ የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለ። «ባለፈው ወር ቀድሜ ሄጄ ቤቱን ለካሁት፤ ሦስት ቀን እዚያው አደርኩ።»

«ዛሬስ?»

«ሥራ ቦታ ነበርኩ። ባለቤቴ ደውላ ስትጮህ መጣሁ። ግቢው ውስጥ እግሬን አላስገባሁም። አልቻልኩማ!»

«ይሄ ወፍራሙ ምንድን ነው?»

«ብርድ ልብስ። ጠዋት ከቤቴ የጫንኩት ነው። ውሃ ዳር አይደል? ሌሊት ይበርዳል። ጋሼም ምድጃውን ለሙቀት ብሎ ሲሞክረው ይሆናል እኮ፣ ነፍሱን ይማረውና።»

መርማሪዋ የብርድ ልብሱን ጠርዝ በጣቷ ነካ አደረገችና እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ሁለት ቦታ ደወለች።

አለቃዋ ሲደርስ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። እሱ አልተቀመጠም፤ ካቴናውን በእጁ ይዞ ከሚስትየዋ ወንበር ኋላ ቆመ።

«አሳጥሪው» አላት።

«በበሩ እንጀምር» አለች መርማሪዋ። «ከሥሩ ድመት ያሳልፋል። እሱን ማላተም ሰው ያስቆጣል እንጂ አይገድልም። ከሰሉ ውጭ ተቀጣጥሎ ነው የገባው፤ ክብሪት ደግሞ በየኩሽናው ሽርጥ ውስጥ አለ። ገዳዩ ያን ክፍተት መድፈን ነበረበት። ሟቹ ጆሮውን ወትፎ እንደሚተኛ፣ ማንም እንደማያንኳኳ ያውቃል።»

«ታዲያ እሷ አታውቅም?» አለች እህትየዋ።

«ታውቃለች። ግን ሐይቁ የሚጀምረው ከበሩ ሥር ነው። በሩን ተከትሎ ሰማያዊው ጠመኔ በክንድ ስፋት ተጠርጓል። ወፍራም ነገር ተጋድሞበት፣ ኋላ ተጎትቶ ተነሥቷል።» ጣቷን ዘረጋች፤ ጫፉ ሰማያዊ ነው። «ይህን ያገኘሁት ግቢ አልገባሁም ካሉ ሰው ብርድ ልብስ ላይ ነው።»

ቀያሹ ሳቀ። «ኮፈኑ ክፍት ነበር። ማንም ሊጨምረው ይችላል።»

«ጠዋት ከቤቴ ጫንኩት ባይሉኝ ኖሮ እሺ እል ነበር። ለምን ጫኑት? ይበርዳል ብለው። ባለቤትዎ ልጆች ሆነን ስንሄድ ከሌሊቱ ሙቀት የተነሣ ስስ ጨርቅ እንኳን አንችልም ነበር ይላሉ። እዚያ ሦስት ሌሊት ያደረ ሰው ይህን አይስትም። ስለዚህ የሐይቅ ዳሩ ቤት ጠባቂ ጋ ደወልኩ። ‹ባለፈው ወር ማንም አልመጣም› አለኝ። ‹ዛሬ ጠዋትም አንድ ሰውዬ ደውሎ ይህንኑ ጠየቀኝ፤ መስኮቱ በየት በኩል እንደሆነም ነገርኩት።›»

ወደ ሚስትየዋ ዞረች። «የደወሉት ባለቤትዎ ናቸው፤ ዛሬ አልጋዎን ያዛወሩት ለዚህ ነበር። የተሰጣቸው ልክ የየትኛውም ቤት ልክ አልነበረም።»

ሚስትየዋ ዓይኗን ጨፈነች።

«መሥሪያ ቤትዎም ደውያለሁ» አለች መርማሪዋ ለቀያሹ። «ከምሳ በኋላ አላዩዎትም።»

ቀድማ የተናገረችው እህትየዋ ነች፤ ድምፅዋ እንደ ሌላ ሰው ሆኖ ነበር።

«ሦስቱን ቀን የት ነበርክ?»

ቀያሹ ጉልበቱን አሻሸ። «ጠዋት ደወለልኝ። ‹ሐይቁ ጋ እስክንደርስ ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ› አለኝ። ጋሼን ታውቂዋለሽ፤ ያቀደውን አይተውም።»

«ምኑን ነው የምትነግረኝ?»

«ልጅ አለኝ።»

እህትየዋ ለአንድ ልጅ ብላ ያልረገጠችው ሐኪም ቤት አልነበረም። ባሏ ጥፋቱ ካንቺ ሊሆን ይችላል ሲላትም አምናው ኖራለች። እጇን ወደ አፏ ወሰደች፤ ግን አልጮኸችም።

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«ስድስት።»

አለቃው ከወንበሩ ኋላ ወጣና ካቴናውን ለቀያሹ አጠለቀለት። ሲያስወጣው ለሚስትየዋ አንገቱን ዝቅ አደረገ፤ «እርስዎ መሄድ ይችላሉ።»

«ወዴት? ቤቴ እኮ ነው።»

አለቃው ቀያሹን ይዞ ወጣ። መርማሪዋም ተከትላው በሩን ቀስ ብላ ዘጋች።

ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ቀሩ። እህትየዋ ቀና ብላ ማየት አልቻለችም።

«ቀኑን ሙሉ… እኔ አንቺን…»

«አውቃለሁ።»

«አሁን እዚያ ቤት እንዴት ብዬ ነው የምገባው? ነገስ? ቀብሩን ማን… ከዚያ በኋላስ የት…»

ሚስትየዋ ተነሥታ አጠገቧ ተቀመጠችና እጇን ያዘቻት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሰው ስትነካ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ዛሬ እዚህ ታድሪያለሽ» አለቻት። «የነገውን ነገ። ማቀድ ይብቃን።»