የዛጎል ታርጋ

«ፍጠኚ እንጂ! ሳይደርሱብን!»

አቶ አካለ ወልድ የግቢያቸውን በር በእግራቸው ደግፈው በሁለት እጃቸው ላሟን ከኋላ ይገፋሉ። ዛጎል ግን ዛሬ የመንሸራሸር ሐሳብ እንደሌላት አራት እግሯን ተክላ አስታውቃለች። ብሩክታይት ገመዱን ትጎትታለች።

«አባባ፣ መዝጋቢዋ እኮ እኔ ነኝ!»

«ለዚያ ነዋ ቀድመሽ የምትደብቂያት!»

ከቢቸና የመጣው የእንስሳት ባለሙያ ፋንታ ከታችኛው ጎጥ ጀምሮ እየወጣ ነው። የከብቱ ጆሮ ላይ ቁጥር ያለው ቢጫ ምልክት ይሰካል፤ ቁጥሩ፣ የባለቤቱ ስም፣ ክትባቱ ሁሉ ስልክ ላይ ይገባል። ሰዉ «ታርጋ» ብሎታል። የስምንተኛ ክፍሏን ብሩክታይትን ጣቷ ስልክ ላይ ስለሚፈጥን ረዳቱ አድርጓታል። አባቷ ደግሞ የተቆጠረ ከብት ዓይን ይገባበታል ባይ ናቸው።

ወደ ጎረቤታቸው ወደ እትዬ ሀብትነሽ ጓሮ ስትታጠፍ ከልጃቸው ከማስተዋል ጋር ተገጣጠመች። በሬ እየነዳ ነው።

«ወዴት ነው?» አለችው።

«እናንተ ጓሮ። እማዬ ማንም እንዳያይህ ብላኛለች። አንቺስ?»

«እናንተ ጓሮ።»

ሁለቱ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። በሬውና ላሟም ቆመው ተያዩ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ፋንታ ብሩክታይትን አስከትሎ እትዬ ሀብትነሽ ግቢ ደረሰ። ሦስት በጎች ታርጋቸውን ተቀበሉ። ዕቃውን ሊሰበስብ ሲል ዛጎል ከጓሮ ረጅም «እምቧ!» አሰማች።

«ጓሮም አለ እንዴ?»

እትዬ ሀብትነሽ ደነገጥ አሉና ጎረቤታቸውን ላለማጋለጥ «አዎ፣ እሷም የእኔው ናት» አሉ።

መቆንጠጫው ቀጭ አለ። ዛጎል ጆሮዋን አራገፈች።

«የባለቤት ስም ሀብትነሽ። አስገቢው» አለ ፋንታ።

ብሩክታይት ስሙን ጻፈችና ጣቷ «መዝግብ» ላይ ሲደርስ ቆመ። ዛጎልን ከአራት ዓመት በፊት ገና ጥጃ ሳለች ከሞጣ አምጥታ የሰጠቻት የክርስትና እናቷ ናት። በጡጦ ወተት ያሳደገቻት ደግሞ ራሷ ብሩክታይት ናት። ከእንግዲህ ደግሞ ገበያ ላይ ቁጥሩ ሲነበብ የሚወጣው ስም ነው ባለቤት። ስህተት ለማረም ወረዳ ድረስ መመላለስ ነው።

በአጥሩ ላይ የአባቷ ራስ ብቅ ብሏል። አንዴ ይነቀነቃል፣ አንዴ ይወዛወዛል፤ ምን እያለ እንደሆነ ራሱም የሚያውቅ አይመስልም። አባቷ የዕድር ዳኛ ናቸው፤ ግቢው ደግሞ ታርጋ ሲሰካ ለማየት የመጣ ሰው ሞልቶበታል።

«ጨረስሽ?»

«ጋሼ ፋንታ፣ ልሰርዘው ነው። ዛጎል የእኔ ናት። ጧት እዚህ የደበቅኳት እኔ ነኝ።»

ፋንታ ቀና ብሎ አያት።

«ማን ደብቂ አለሽ?»

ብሩክታይት ስልኩን እንጂ አጥሩን አላየችም። ከአጥሩ ግን ሳል ተሰማ።

«እኔ ነኝ» አሉ አቶ አካለ ወልድ። «ዓይን እንዳይገባባት ብዬ ነው። ምን ላድርግ፣ ታምራለች!»

እትዬ ሀብትነሽ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሊያፍኑ ሞክረው አቃታቸው። «እንግዲያማ የእኔም በሬ እሳቸው ጓሮ ነው!»

«የእኔም ጊደር ቄሱ ቤት ናት» አሉ ወይዘሮ አስናቀች ከበር ላይ።

«የቄሱ በቅሎስ?» አለ ማስተዋል። «እኛ ጎተራ ኋላ ናት!»

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ከትምህርት ቤት በተለቀቀ ልጅ እንደሚሞላው ሁሉ በከብት ተሞላ። ሁሉም የየራሱን ፍለጋ ይሯሯጣል፣ ይተራረባል። ፋንታ ድንጋይ ላይ ዘጭ ብሎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ፤ ድንገት ግን ሳቁን አቆመ።

«ቆይ… ከታች ጀምሬ ስመዘግብ የዋልኩት ታዲያ የማን ከብት ነው?»

ሁሉም ከብቱን ማሻሸት ያዘ።

ብሩክታይት የራሷን ስም ከነአባቷ ጻፈች። ዕድሜዋ ገና ስለሆነ ከሥሩ የአሳዳጊ ስም አስገባች። «መዝግብ»ን ስትነካ ስልኩ ጢን አለ።

«እናንተ ቤት እንግዲህ አለቀ?» አለ ፋንታ እየተነሳ።

አቶ አካለ ወልድ በአንድ ዓይናቸው ልጃቸውን ጠቀሱ።

ብሩክታይት አዲስ ቅጽ ከፈተችና ወደ እሳቸው ዞረች።

«አባባ፣ አክስቴ ቤት የተደበቁት በጎች ስንት ናቸው?»