ቆማ የታየችው ፑሌጃ

ኢንስፔክተር ዘርፈሽዋል የሸሚዟን አንገትጌ ፈትታ እየገለበጠች ነበር፤ የነተበውን ወደ ውስጥ፣ ያልነተበውን ወደ ውጭ። እሑድ ጠዋት የጭሮ ፖሊስ ጣቢያ ጸጥ ስለሚል እንዲህ ያለውን ሥራ ለዚያ ሰዓት ታቆየዋለች። ግማሹን እንደ ሰፋች አንዲት ወጣት ሴት የቢሮውን በር ይዛ ቆመች። ሀሊማ ነበረች፣ የብረት ቀራጩ፣ የባለ ቶርኖው የሳቢት እኅት።

«እትዬ፣ ወንድሜ ሊፈርም ነው» አለች። «ሰው ገድያለሁ ብሎ ሊፈርም ነው። ማሎ፣ እባክሽ ሳይፈርም አንዴ አናግሪው።»

«ገድሏል?»

«እሱ አዎ ይላል። እኔ ግን ወላሂ አላምነውም።»

ዘርፈሽዋል መርፌውን ሸሚዙ ላይ ሰክታ ተነሣች።

መዝገቡን የያዘው ሳጅን መስዑድ ነገሩን ባጭሩ አስረዳት። በበደሳ መውጫ መንገድ ዳር ጋራዥ ያለው መካኒኩ ተሻለ ትናንት ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ሞቶ ተገኝቷል። ያገኘችው ልትጠራው የሄደችው ሚስቱ ሣራ ናት። በተከፈተ የመኪና ኮፈን ውስጥ ተደፍቶ ነበር፤ ከአንገቱ የማይለየው ፎጣ በሞተሩ ቺንጋ፣ በሚሽከረከረው የላስቲክ ቀበቶ፣ ተይዞ አንቆታል። ማስነሻው እንደ በራ ነው፤ ፎጣው ሲጠመጠምበት ሞተሩ ራሱ ጠፍቶ መሆን አለበት። መስዑድ ፎጣውን በመቀስ ቆርጦ አስከሬኑን ወደ ሆስፒታል ልኳል፤ ሞተሩ ላይ የተጠመጠመውን ግማሽ ግን አልነካም። ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው። አደጋ መሆኑን ሳጅኑ አልተጠራጠረም። ነገር ግን ቺንጋው መከለያ አልነበረውም፤ የዘረጋው ደግሞ ሳቢት ነው።

«አልተከራከረኝም» አለ መስዑድ። «ጥፋቱ የኔ ነው አለ፤ ጻፍኩት። የቀረው ፊርማ ነው። ነገ ለዐቃቤ ሕግ አስተላልፈዋለሁ።»

«ከቀብሩ በፊት እንዳታስፈርመው።»

ሳቢት ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው። ከእስር ክፍሉ ሲወጣ እጆቹን የሌላ ሰው ይመስል ከኋላው ደብቋቸው ነበር። እየቆየ፣ እየተቋረጠ ተናገረ። መኪናው የጫት ነጋዴው የጋሽ ዓሊዩ ነው፤ ከአባታቸው የወረሱት ፔጆ 404። የጥንቱ ሞተር በሁለት ቀጫጭን ቺንጋዎች ይሠራ ነበር። ዳገት ላይ ይንሸራተታሉ፣ ይጮኻሉ፣ ሲበጠሱም ምትክ አይገኝላቸውም። ተሻለ አርበረከቴ ቁልቁለት ላይ ከተገለበጠ ሚኒባስ አንድ ሰፊ፣ ባለመስመር ቺንጋ አገኘ፤ ብቻውን እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ሁሉንም የሚያዞር። ሳቢት ለቺንጋው ልክ የሚሆኑ ፑሌጃዎችን፣ ቺንጋው የሚዞርባቸውን ክብ ብረቶች፣ በቶርኖ ቀረጸ። ሁለቱ ዐሥር ቀን ደከሙበት። ቺንጋው እየላላ መውጣቱን አልተው ስላለ ዓርብ ዕለት አንዲት ትንሽ ልሙጥ ማጥበቂያ ፑሌጃ ጨመሩ። ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ሞተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጮኽ ተነሣ።

«ሰኞ ቆርቆሮ አጥፌ እሸፍነዋለሁ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ» አለ ሳቢት። «ሰኞ ባልል ኖሮ ጋሽ ተሻለ ዛሬ በሕይወት ይኖር ነበር።»

ዘርፈሽዋል ማስታወሻ ደብተሯን ዘረጋችለት። «ሣልልኝ። እያንዳንዱ ወዴት እንደሚዞርም ቀስት አድርግበት።»

አራት ክብ ሣለ። የሞተሩ፣ የውኃ ፓምፑና የዲናሞው ቀስቶች ወደ ቀኝ ሆኑ። የትንሿ ብቻ ወደ ግራ።

«ይቺ ለምን ተለየች?»

«ሌሎቹን ቺንጋው የሚነካቸው በሆዱ ነው። እሷን ግን በጀርባው። በጀርባው የነካው ወደ ኋላ ይዞራል።» እርሳሱን መለሰላትና እጆቹን እንደገና ደበቀ።

ከመስዑድ ጋር ወደ ጋራዡ ሄደች። የተቆረጠው ፎጣ ከላይ፣ ማጥበቂያዋ ላይ ሦስት ጊዜ ተጠምጥሟል። ጎንበስ ብላ ከተቆረጠው ጫፍ ጀምራ ጥምጥሙን በጣቷ ተከተለችው። ደብተሩን አየች። እንደገና ጥምጥሙን ተከተለች። ከዚያ የማጥበቂያዋን ብሎን ረጅም ጊዜ ተመለከተችና ሳጅኑን በሦስት በኩል ፎቶ እንዲያነሣ አዘዘችው።

«እዚህ ሌላ ማን ይሠራል?»

የሟቹ የሥራ ሽርካ ዱጉማ ነው አላት ሳጅኑ፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረው ሠርተዋል። የዚህ መኪና ሥራ ከመጀመሩ በፊት የቡና መፈልፈያ ማሽን ሊጠግን መቻራ ሄዶ ነበር፤ መርዶውን ሰምቶ ዛሬ ጠዋት ገባ። ዘርፈሽዋል ለመቻራ ፖሊስ እንዲደውል ነግራው ወደ ሆስፒታል አለፈች።

ሐኪሙ ብዙ አልተናገረም፤ የተናገረው ግን በቂ ነበር። ሞተር ቢስበው የሰውየው ፊት ከብረቱ ጋር ይጋጭ ነበር። ፊቱ ላይ አንድ ጭረት የለም። የአንገቱ ሰምበር ደግሞ ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ኋላ ተስቧል።

ሰዓቱ አምስት ሆኗል።

ጋሽ ዓሊዩን ጫት ማራገፊያው ጋ አገኘቻቸው። ትናንት ከሰባት ሰዓት ጀምሮ በደሳ ነበሩ፤ አድረው ነው የመጡት፤ ሾፌሩም ጫኞቹም አብረዋቸው ነበሩ። ስለ ሞተር ያውቁ እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«እኔ የማውቀው ጫት ነው። ሲነሣ ግን ቆሜ አይቻለሁ» አሉ። «ያቺ ትንሿ ከወንድሞቿ ተጣልታ ብቻዋን ወደ ኋላ ትዞራለች። አቦ ተሻለ፣ ይቺን ልጅ አስታርቃት እንጂ አልኩት። ሳቀ። እየሳቀ ነው የተለየሁት። ነፍሱን ይማር።»

በልቅሶው ድንኳን ውስጥ ሣራ ከሴቶቹ መሐል ተቀምጣለች። ትናንት ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ከእነዚሁ ሴቶች ጋር ቤተ ክርስቲያን ስታጸዳ ውላለች። ባሏ ዛሬ በአምልኮው ላይ በጉባኤው ፊት ቆሞ የሚናገረው ምስክርነት እንዳለው ስሙን ለፕሮግራም መሪው ማስመዝገቡን ነገረቻት። ምን ሊመሰክር እንደ ነበር አታውቅም። የምታውቀው ከሁለት ዓመት በፊት ቦርደዴ ላይ ሁለት ሰው የሞተበት የአይሱዙ አደጋ ከደረሰ ወዲህ እንቅልፍ ማጣቱን ነው። የመኪናው ፍሬን የተጠገነው እዚሁ ጋራዥ ነበር፤ የታሰረው ግን ሾፌሩ ነው። ተሻለ በየወሩ ስንቅ ይዞ እስር ቤት ይሄድ ነበር።

«ሐሙስ ለዱጉማ ደወለለት» አለች ሣራ። «ሳልነግረው ጉባኤ ፊት አልቆምም አለኝ። ምን እንደሚነግረው አልጠየቅኩትም።»

ዱጉማ ከድንኳኑ ዳር ነበር፤ ኀምሳ የሞላው፣ ሰፊ ትከሻ ያለው ሰው። ዓይኖቹ ቀልተዋል። ከተሻለ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የተነጋገሩት ሐሙስ መሆኑን፣ ለሰላምታ ብቻ መሆኑን ነገራት። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ገባ፤ በቀጥታ ወደ ድንኳኑ መጣ፤ ጋራዡን ለማየት አንጀቱ አልቻለም። ማንም ዝርዝር አልነገረውም፤ ቺንጋ ገደለው ሲሉ ነው የሰማው።

«እርስዎ የሞተር ሰው ነዎት» አለችው። «እንዴት የያዘው ይመስልዎታል?»

«ያቺ ማጥበቂያ ናታ፣ እኅቴ። ከላይ ናት፤ ሰው ሲያጎነብስ አንገቱ እሷ ጋ ነው የሚውለው። ሁሉም ወደ ቀኝ ነው የሚዞሩት። የፎጣው ጫፍ ከተንጠለጠለ በቀኝ በኩል ይገባል፤ አለቀ።»

ቃል በቃል ጻፈችው። አመስግናው ስትወጣ ለስምንት ሰዓት ጋራዡ እንዲመጣ ነገረችው፤ ለሣራም፣ ለጋሽ ዓሊዩም።

በስምንት ሰዓት ሁሉም በፔጆው ዙሪያ ቆመው ነበር። ሳቢት ከጣቢያ መጥቷል፤ ሀሊማ ክንዱን ይዛዋለች። ፊርማ የሚጠብቀው ወረቀት መስዑድ ብብት ሥር ባለው ዶሴ ውስጥ ነው። ከድንኳኑ በኩል የመዝሙር ድምፅ ይሰማል።

ዘርፈሽዋል ድምፅዋን አልጨመረችም። ሐኪሙ ያላትን ነገረቻቸው፤ ተሻለ ሞተሩ ላይ ከመደፋቱ በፊት በገዛ ፎጣው ከኋላ ታንቆ ሞቷል። ሣራ በእጇ ሞተሩን ሳይሆን የኮፈኑን ጠርዝ ፈልጋ ያዘች።

«ሳጅን፣ ማስነሻውን ሳትነካ በእጅ አዙረው። ቀስ ብለህ።»

መስዑድ የእጅ ማዞሪያውን ብረት ከመኪናው ፊት አስገብቶ አዞረ። ሳቢት ፊቱን መለሰ። ሰፊው ቺንጋ መንቀሳቀስ ጀመረ። ሦስቱ ፑሌጃዎች ወደ ቀኝ ዞሩ። ትንሿ ወደ ግራ። ፎጣው ላላ፤ አንድ ዙር ተፈታ፣ ሁለተኛው ተከተለ፣ ሦስተኛው ተፈትቶ ዘይት የጠጣው መሬት ላይ ወደቀ።

«ፎጣው የተጠመጠመው ለቀኝ አዟዟር ነው፤ ትንሿ ግን ወደ ግራ ትዞራለች። ይህ ሞተር ይህን ፎጣ አይስበውም» አለች። «ይተፋዋል። ስለዚህ የጠመጠመው እጅ ነው። ሳቢት፣ ዞር በልና እይ።»

ሳቢት ዞረ። መሬቱ ላይ ያለውን ጨርቅ አየ፤ ከዚያም ማጥበቂያዋን።

«እጁ የማን ነው? ቺንጋው እንደ ተወጠረ ሆኖ ከሥሩ ፎጣ አይገባም። ይህ ሰው የማጥበቂያዋን ብሎን አላልቶ፣ ጠምጥሞ፣ መልሶ አጥብቋል፤ ብሎኑ ላይ አዲስ ፍቅፋቂ አለ። የመካኒክ እጅ ነው። ሳቢት እንዳንል ፑሌጃዋን የቀረጻት እሱ ነው፤ አደጋ ሊያስመስል ቢፈልግ ወደ ግራ ይጠመጥም ነበር። ጋሽ ዓሊዩም ወደ ኋላ ስትዞር አይተው ቀልደውባታል፤ ደግሞም በደሳ ነበሩ። የጠመጠመው ሞተርን አጥብቆ የሚያውቅ፣ የሚያውቀው ግን የጥንቱን ብቻ የሆነ ሰው ነው። በጥንቱ ቺንጋ ሁሉም ወደ ቀኝ ይዞራል።»

ዓይኖች ሁሉ ወደ ዱጉማ ሄዱ።

«እኔ መቻራ ነበርኩ» አለ ዱጉማ። «ይህን ነገር ሲዞር በዓይኔ አይቼው አላውቅም።»

«እሱን አምኛለሁ» አለች ዘርፈሽዋል። «ሲዞር አላዩትም። ማጥበቂያዋ የተሠራችው ዓርብ ነው። ከተሻለ ጋር መጨረሻ የተነጋገሩት ሐሙስ ነው። ዛሬ ጋራዥ አልገባሁም ብለውኛል፤ የሰሙትም ቺንጋ የሚለውን ብቻ ነው። በጥንቱ ሞተር ላይ ማጥበቂያ የሚባል ነገር የለም። ታዲያ መኖሯን፣ ያውም ከላይ መሆኗን እንዴት አወቁ?»

ዱጉማ ዓይኑን ከማጥበቂያዋ ወደ በሩ አዞረ።

«መኖሯን ያውቃሉ፤ አዟዟሯን አያውቁም። ቆማ ነው ያዩዋት። እሷ ቆማ እያለች እዚህ የነበረው ደግሞ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ የገባው ሰው ነው።»

መስዑድ ዶሴውን ገለጠ። የመቻራ ፖሊስ መልስ ሰጥቶ ነበር፤ የመፈልፈያው ዘበኛ ዱጉማን ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ቡና የጫነ መኪና ላይ ራሱ አሳፍሮታል።

ዱጉማ ኢንስፔክተሯን አላያትም። ወደ ሣራ ዞረ።

«የቦርደዴውን ፍሬን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለ። «የተበላ ቱቦ ነበር፤ በሽቦ አስሬ ለቀቅኩት። ተሻለ ያወቀው ሾፌሩ ከተፈረደበት በኋላ ነው። ትናንት፣ እባክህ ተወው አልኩት። ስድስት ልጆች አሉኝ አልኩት። ሾፌሩም ልጆች አሉት አለኝና ወደ ሞተሩ ጎንበስ አለ። ፎጣው አንገቱ ላይ ነበር።»

ሣራ እጇን ከኮፈኑ ጠርዝ አነሣች።

«እንግዲህ ምስክርነቱን አንተ ሰጠህ፣ ወንድም ዱጉማ» አለች። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ድንኳኑ ሄደች።

መስዑድና አንድ ፖሊስ ዱጉማን ይዘውት ወጡ። ዘርፈሽዋል ያልተፈረመበትን ወረቀት ከዶሴው አውጥታ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰረዘችበት። የቦርደዴውን መዝገብም ነገ ጠዋት እንደምታስከፍት ለጋሽ ዓሊዩ ነገረቻቸው፤ ሾፌሩን ያውቁት ነበርና። ሳቢትን መሄድ ትችላለህ አለችው።

አልሄደም። ፎጣው ሲወጣ ቺንጋው ላልቶ ማጥበቂያዋ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ሳቢት ቆሞ ያየው ያንን ነው።

«ሳቢት፣ ቀብሩ እያመለጠን ነው» አለች ሀሊማ።

«አንድ ብሎን ነው» አለ። ከዚያ ኢንስፔክተሯን አያት። «ይነካል?»

«ፎቶው ተነሥቷል። ንካው።»

እጆቹን ከኋላው አወጣ። ቺንጋውን በአውራ ጣቱ ገፍቶ መስመሮቹን በየቦያቸው አስገባ፤ ማጥበቂያዋን ወደ ላይ ገፋ፤ ዐሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ ከመሣቢያው አንሥቶ ብሎኑን አጠበቀ። ቺንጋውን መሐሉ ላይ ተጫነው። ጥቂት ረገበና ተመለሰ። አንድ ጊዜ ደገመው።

ቁልፉን ጠርጎ መሣቢያው ውስጥ አስቀመጠው።