ዳር የተቀመጠው

የካማኑን ሬሳ ያገኙት እሑድ ጠዋት ነው፤ የተሰበረ የእንጨት ክዳን ሥር፣ ውሃ ማጠራቀሚያው ጉድጓድ ውስጥ። ቀኝ እጁ ድንጋይ ጨብጧል።

ጉድጓዱ የሃርኔት ነው። ከብቱ ተራራውን የሞላ ሀብታም ነበር፤ ቆላው ሲያቃጥለው ማውና ኬአ ተራራ ላይ ወጥቶ የሚንፈላሰስበትን ቤት ሠራ። አሁን ጣሪያው ወርዷል፣ ሳሎኑ ውስጥ ፍየል ይወልዳል።

መርማሪ ፑዋ ጉድጓዱ አፍ ላይ ጎንበስ ብላ ታያለች። የካማኑ እናት ኖሄያ ከኋላዋ ቆማለች።

«የገደለውን ሰው ስም ስጪኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«እሰጥሻለሁ» አለች ፑዋ። አፏ ቀደማት።

መንደሩማ ስሙን አስቀድሞ አውቆታል፦ አጎት ማሳቶ፣ የፍርስራሹ ዘበኛ። ካማኑና ሁለቱ ጓደኞቹ፣ ማኮአና ሜዴሮስ፣ ቤቱን ሊፈታትሹ በመጡ ቁጥር ያባርራቸዋል። በቀደም «ሁለተኛ ካየኋችሁ ጉድጓድ ነው የምከታችሁ» ሲል ሰው ሰምቶታል። ፖሊስ ቀድሞ እሱን ከተተው።

ፑዋ እስር ቤት ሄደች።

«አጎቴ፣ ዝተዋል?»

«ዝቻለሁ። ለፍየሎቹም በየቀኑ እዝታለሁ፤ እስካሁን አንዷም አልሞተች።»

«ቅዳሜ ማታስ የት ነበሩ?»

«ጉልበቴ ይዞኝ አልጋዬ ላይ። ምስክር ካማረሽ እሱን ጠይቂው።»

ሁለቱ ልጆች ቃላቸው አንድ ነው። ሲመሻሽ ካማኑ «እዚሁ አድራለሁ» አለ፤ ቤቱ ጋ ትተውት ወረዱ፤ መንገዱ ላይ ያለውን የከብት በርም ራሳቸው ዘግተው ሄዱ። ፑዋ ግን መጀመሪያ የደረሰውን ፖሊስ ጠይቃዋለች። የበሩ ሰንሰለት በቤቱ በኩል ባለው መንጠቆ ተሰክቶ ነበር፤ ከውጭ እጅ አይደርስበትም፤ ፖሊሱ አጥር ዘሎ ነው የከፈተው።

ሜዴሮስን ለብቻው መኪናው አጠገብ አስቆመችው።

«ማን ነዳ?»

«ማኮአ።»

«አንተስ?»

«መሃል። ቀጫጫው እኔ ነኛ አክስቴ።»

«ስትወርዱ በሩን ማን ከፈተ?»

«ካማኑ ነዋ፣ ዳር የተቀመጠው እሱ...»

አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ዳር የተቀመጠ በር ይከፍታል፤ እዚያ ተራራ ላይ ልጅ ይህን የሚማረው ከአባታችን ሆይ በፊት ነው። ምላስ ደግሞ የለመደችውን ትናገራለች።

በማግስቱ ፑዋ ሁሉንም ጉድጓዱ ጋ ሰበሰበች። ኖሄያ መጣች፣ ልጆቹ መጡ፣ ማሳቶም በካቴና።

«መጀመሪያ አጎቴን ፍቱልኝ» አለች። «ካማኑን የገፋው የለም። ክዳኑ መሃሉ በስብሷል፤ በጨለማ ረግጦት ነው የወደቀው።»

«ማታ እዚህ ምን ይሠራል?» አለች ኖሄያ።

«ከልጆቹ ጋር ወርዶ ነበር። በሩን ከፈተላቸው፣ አለፉ፣ ጥለውት ነጎዱ።»

ማንም አልደነገጠም። እዚያ አገር በዚህ ቀልድ ያልተቀለደበት የለም። ፖሊሱ እንኳ ፈገግታው ሊያመልጠው ሲል ከንፈሩን ነከሰ።

«ልንመለስ ነበር እኮ» አለ ማኮአ።

«ተመልሳችኋል። እሱ ግን በሩን ከውስጥ ዘግቶ፣ ሊበቀላችሁ ወደ ቤቱ ወጥቷል። ሰንሰለቱን የሰካው እሱ ነው። እናንተስ?»

«መኪናዋን ውጭ አቁመን አጥሩን ዘለልን። ልናስደነግጠው። ብንጠራው ዝም አለ።»

ፑዋ ድሮ የዝናቡን ውሃ ከጣሪያው በበረንዳው በኩል ወደ ጉድጓዱ ያወርድ የነበረውን የብረት ቱቦ እያየች ነበር።

«ኖሄያ፣ አንቺ መኪናው ውስጥ ብትጠብቂኝስ?»

«የትም አልሄድም።»

«እሺ። ቱቦው ታች፣ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀጥቅጧል። እጁ ላይ የነበረው ድንጋይ እሱን ያንኳኳበት ነው። ሐኪሙም የሞተው ሊነጋ ሲል ነው ብሏል። ልጆች፣ አልሰማችሁም?»

ማኮአ መሬት መሬት ያያል። የተናገረው ሜዴሮስ ነው።

«ሰምተናል። ኳ ኳ ይላል፤ በዚያ ጭጋግ ከየት እንደሚመጣ አይለይም። ሙት መንፈስ ሆኖ ሊያስፈራራን መሰለን።»

«ከዚያስ?» አለች ኖሄያ።

«እኛም በረንዳው ላይ ቱቦውን መልሰን አንኳኳንለት። እየሳቅን።»

«እሱስ?»

«አፈጠነው አክስቴ። በጣም አፈጠነው። እኛ... ወረድን።»

ፖሊሱ ከማሳቶ እጅ የፈታውን ካቴና ይዞ አንዴ ልጆቹን፣ አንዴ ፑዋን ያያል። ፑዋ ራሷን ነቀነቀች። ሳቅ የሚከሰስበትን አንቀጽ አታውቅም። ማሳቶም ሊያጽናና ብሎ ወደ ኖሄያ አንድ እርምጃ ተራመደ።

ኖሄያ ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«እንደሰማችሁትማ አውቋል» አለች፣ ቀስ ብላ። «ሊያወጡኝ ነው ብሎ ነዋ የጠበቀው።»