መሐለኛው ሲሊንደር

ሞተሩ ወደ ጋራዡ የመጣው ተበትኖ፣ በሦስት የሳሙና ካርቶን ታጭቆ ነበር። ተሸክሞ ያመጣው ወጣት ካርቶኖቹን አንድ በአንድ እያስገባ በየመሐሉ ይቅርታ ይጠይቅ ነበር። በሩን ሲገፋ ይቅርታ፣ ድመቷን ሲያስነሳ ይቅርታ፣ መሬት ላይ የተዘረጋ መፍቻ ሲረግጥ ይቅርታ።

«ይቅርታው ይብቃና ምን እንደሆነ ንገረኝ» አለችው የጋራዡ ባለቤት ልጅ፣ ከአንድ መኪና ስር እየተንፏቀቀች ስትወጣ።

ሰፈሩ ሁሉ «ካቻቢቴ» ይላታል። ቀጭን ስለሆነች ነው የሚሉ አሉ፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ካቻቢቴ ከኪሷ ስለማይጠፋ ነው የሚሉም አሉ። እሷ ሁለቱንም አትክድም። አባቷን «ምነው ወንድ ልጅ በነበረህ» እያሉ ከንፈር ሲመጡለት የነበሩ ሰዎች፣ ዛሬ መኪናቸው መንገድ ላይ ሲቆም የሚደውሉት ለእሷ ነው።

«የአባቴ ሞተር ሳይክል ነው» አለ ወጣቱ። «የእንግሊዝ ሥሪት፣ የጥንት። ባለ ሦስት ሲሊንደር።»

ካቻቢቴ እጇን በጨርቅ ጠርጋ አንዱን ካርቶን ከፈተች። ሦስት ፒስተኖች በጋዜጣ ተጠቅልለው ተኝተዋል። ባለ አንድ ሲሊንደር ሠርታለች፣ ባለ ሁለትም ሠርታለች፤ ሦስቱ ጎን ለጎን የሚሰለፉበትን ግን አባቷ ሲያወራ ብቻ ነው የሰማችው። ልቧ ድንግጥ አለ። በዚያን ቀን የደነገጠችው ለሞተሩ ብቻ እንደነበር እስከ ዛሬ ትምላለች።

«ማን ነው የፈታው?»

«እኔ።»

«መካኒክ ነህ?»

«መስታወት ቆራጭ ነኝ።»

«ያስታውቃል» አለች። ከዚያ ደንበኛን ሁሉ እንደምትጠይቀው «ትቸኩላለህ?» ብላ ጠየቀችው።

ወጣቱ ቀና ብሎ አያት። ግራሶ ጉንጯ ላይ አንድ ጣት ያህል ተስቦ ነበር።

«ኧረ እኔ ምንም አልቸኩልም» አላት።

መስታወት ቆራጩ ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁን እየዘጋ ይመጣ ጀመር። የመጀመሪያው ቅዳሜ ያለ ሥራ አለፈ፤ የእንግሊዙ ቡሎን የሚለካው በኢንች ስለሆነ በጋራዡ ካለው መፍቻ አንዱም አልገባለት አለ። በሁለተኛው ቅዳሜ አባቷ ከአልጋው ስር አንድ ቆርቆሮ ሙሉ የዛገ መፍቻ ጎትቶ አወጣ። «ይኼን ልጥለው ስል ሃያ ዓመት ሆነኝ» አለ፤ ፊቱ ግን ሎተሪ የደረሰው ሰው ፊት ነበር።

ኩሽኔታዎቹ ተለወጡ፣ ቫልቮቹ ተሞረዱ። የፒስተኖቹ ፋሻ የሚባሉት ቀጫጭን የብረት ቀለበቶች ሲደርሱ ካቻቢቴ ሁለቱን ሰብራ ሦስተኛውን ልትሞክር ስትል መስታወት ቆራጩ «ልሞክር?» አላት። በጣቶቹ ጫፍ ከፈት አድርጎ የቀሩትን፣ በተሰበሩት ፈንታ የተገዙትንም ጨምሮ፣ አንድም ሳይሰብር አስገባቸው። ጣቶቹ ላይ የመስታወት ጠባሳ እንደ መስመር ተሰምሯል። እሷ ጠባሳዎቹን ስታይ እሱ እንደምታይ አወቀ፤ እጁን ግን አልሰበሰበም።

ሲሊንደሩን ማልበስ ግን የሁለት ሰው ሥራ ነው። ሦስቱ ጉድጓዶች ባሉበት ከባድ ብረት ውስጥ መጀመሪያ ዳርና ዳር ያሉት ፒስተኖች፣ ቀጥሎ መሐለኛው መግባት አለባቸው። አንዱ ብረቱን ሲያወርድ ሌላው ፋሻዎቹን በጣቱ ጭምቅ አድርጎ ይይዛል።

«ቀስ» አለችው።

«ቀስ ነው።»

«ከዚህም ቀስ።»

ፊቷ ከፊቱ አንድ ስንዝር አይርቅም። ትንፋሿን ይዛለች፤ እሱም ይዟል። ሦስተኛው ፒስተን ሹልክ ብሎ ሲገባ ሁለቱም እኩል ተነፈሱና ሳቁ። የሚገርመው ብረቱ ቦታውን ይዞ እጃቸው ግን ቶሎ አልተነሳም።

«ብዙ አቆየሁህ መሰለኝ» አለችው ያን ቀን ስትሸኘው።

«ኧረ ተይ፣ ምን ያስቸኩለናል?» አላት።

መስታወት ቆራጩ ባዶውን የሞተር ሳይክል አካል በጋሪ አስመጣና ሞተሩን ገጠሙበት፤ በስድስተኛው ቅዳሜ ተነሳ። ሳለ፣ አጨሰ፣ ተንቀጠቀጠ። ካቻቢቴ ጣቷን ውሃ ነክራ ከሞተሩ የሚወጡትን ሦስት የጭስ ቱቦዎች አንድ በአንድ ነካች። የቀኙ ጭስስ አለ። የግራውም ጭስስ አለ። መሐለኛው ዝም።

«መሐሉ ሞቷል» አለች።

ካንዴላውን ለወጡ። ካርቡራተሩን ፈተው አጠቡ። እሳት የሚያቀብለውን ኮይል ከጎን ሲሊንደር አምጥተው አቀያየሩ። መሐለኛው እንደቀዘቀዘ መሸ።

ሰኞ ጠዋት ብቻዋን ሆና ምክንያቱን አገኘችው። ወደ መሐለኛው ኮይል የምትሄድ አንዲት ቀጭን ሽቦ ናት። ላስቲኳ ደህና፣ ውስጧ የተበጠሰ። ሞተሩ ሲቆም ጫፍና ጫፉ ይነካካል፤ ሲንቀጠቀጥ ይለያያል። ካቻቢቴ ሌላ ሽቦ አስገብታ ሞተሩን ረገጠችው። ሦስቱም ተነሱ። እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምታ አታውቅም፤ ጎርናና ሆኖ መልሶ እንደ መዝፈን ይቃጣዋል። አንድ ደቂቃ ያህል ቆማ ሰማችው።

ከዚያ ደስታዋ እንዳለ ቀዘቀዘ። ሞተሩ ካለቀ ይወሰዳል። ሞተሩ ከተወሰደ መስታወት ቆራጩ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደዚህ ጋራዥ ምን ብሎ ይመጣል?

ሞተሩን አጠፋች። በዕድሜዋ አንድ ደንበኛ አታላ የማታውቀው ካቻቢቴ ደህናውን ሽቦ ነቅላ የተበጠሰውን መለሰችው።

ሦስት ቅዳሜ እንዲህ አለፈ። ደህናውን ካርቡራተር አብረው ፈቱ፣ ደህናውን ቫልቭ አብረው ለኩ። እሱ ስለ መስታወት አወራላት፤ ከእናቱ ሞት ወዲህ ከአባቱ ጋር ብቻቸውን እንደሚኖሩ ነገራት። እሷም በየሳምንቱ «ዛሬ እነግረዋለሁ» ትላለች፤ ቅዳሜው ይመሻል።

በአራተኛው ሳምንት ረቡዕ ቀትር ላይ መስታወት ቆራጩ ሳይጠበቅ መጣ። አንድ ሽማግሌ በክንዱ ደግፎ ነበር።

«አባቴ ነው» አላት። «ዛሬ ሐኪም ቤት ነበርን። ጆሮው እየከዳው ነው። ሐኪሙ ከጥቂት ወር በኋላ ምንም አይሰማም አለን። ድሮም ሞተሩን የፈታሁት አንድ ጊዜ እንኳ ድምፁን እንዲሰማው ብዬ ነበር።»

ካቻቢቴ ተንበረከከችና ሽቦዋን ለወጠች። አሥር ደቂቃ አልፈጀባትም። ሦስቱም ሲሊንደር ተነሳ፤ ጋራዡ ሞላ።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን አስጠጉ። ፈገግታቸው ብቅ አለና ቆመ።

«ድምፁ ነው የደከመው ወይስ እኔ ነኝ?»

«ሞተሩ ደህና ነው አባዬ!» ብሎ ልጃቸው ጮኸላቸው።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና መዳፋቸውን የነዳጅ ታንከሩ ላይ አሳረፉ።

በዚህ ጋራዥ አንድ ደንብ አለ። መካኒኩ በባለቤቱ ፊት ቆሞ የሠራውንም ያጠፋውንም በቃሉ ሳይናገር ምንም ነገር ከበሩ አይወጣም። አባቷ «ለሞተር መለዋወጫ ይገኛል፤ ለመካኒክ ቃል ግን አይገኝም» ይላል። አሁንም መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መጣ።

«በይ አስረክቢ።»

«ሽቦዋን ገና ዛሬ አገኘኋት» ብትል ማንም አያውቅባትም። ይህን አሰበች፤ አላሰበችም ብንል ውሸት ይሆናል። ካቻቢቴ ግን ከኩሽኔታ ጀምራ፣ የሰበረቻቸውን ሁለት ፋሻዎች ሳታስቀር ዘረዘረችና መጨረሻው ላይ ደረሰች።

«መሐለኛው ሲሊንደር የሞተው በአንዲት ሽቦ ነው። ያገኘኋት የዛሬ ሦስት ሳምንት ሰኞ ነው። ደብቄ መልሼ አበላሸሁት።»

መስታወት ቆራጩ ፊቱ ነጣ።

«ምን አለች?» አሉ ሽማግሌው።

ልጃቸው ወደ አባቱ ዞሮ ጮኸ። «ሞተሩ ከተሠራ ሦስት ሳምንት ሆኖታል አለች!»

«ታዲያ ለምን አላስረከበችንም?»

ለዚህ መልስ የነበራት እሷ ብቻ ነበረች። ወደ ሽማግሌው ጆሮ ተጠጋች፤ በቀስታ ቢሉት የማይሰማ ነገር ነው።

«ልጅዎ እንዳይቀርብኝ ብዬ ነው!»

ማዶ ጎማ የሚነፋው ሰውዬ ሥራውን አቁሞ ዞረ። ሽማግሌው መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥለው ልጃቸውን አዩ። «እእ» አሉ። መስታወት ቆራጩ ሞተር ሳይክሉ ላይ አባቱን ከኋላው አስቀምጦ፣ ቀና ብሎ ሳያያት ሄደ።

«እኔኮ ያን ሰኞ ሞተሩን ሰምቼዋለሁ» አላት አባቷ ሲርቁ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብዬ ነው የጠበቅሁሽ።» እሷም እዚያው ሽቦው መሐል ተቀምጣ አለቀሰች። ያለቀሰችው ስለቀረባት ብቻ አይደለም፤ ከአንድ ሽማግሌ ጆሮ ሦስት ሳምንት ስለሰረቀችም ነው።

አንድ ቅዳሜ አለፈ፤ አልመጣም። ሁለተኛውም አለፈ። በሦስተኛው አንድ ሰው በእግሩ መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ። አባቷ አየውና ቡሎን ልገዛ ነው ብሎ ወጣ፤ መደርደሪያው ላይ አራት ካርቶን ቡሎን ተቀምጧል።

«ምን ተበላሸ?» አለችው ቀና ሳትል።

«ምንም። አባቴ ጠዋት ጠዋት ያስነሳዋል። ጎረቤቱ ተማሯል።»

«ይሰማቸዋል?»

«በቀኝ ጆሮው፣ ትንሽ ትንሽ።»

ካቻቢቴ የጠበቀውን ቡሎን ደግማ አጠበቀች።

«ብትጠላኝ አልፈርድብህም» አለች።

«የተናደድኩት በራሴ ነው። አንቺ ስለ ጆሮው አታውቂም ነበር፤ እኔ ግን አውቅ ነበር። እያወቅሁ በየሳምንቱ አልቸኩልም እልሽ ነበር። ሞተሩ ቶሎ ቢያልቅ ምን ብዬ እመጣለሁ ብዬ። አንቺ ሰው ፊት ጮኸሽ ተናገርሽ፤ እኔ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ለአባቴ መንገር አቃተኝ።»

ካቻቢቴ መፍቻውን አስቀመጠች። «አሁንስ ነገርካቸው?»

«ዛሬ ጠዋት። እኔም መጮህ ነበረብኝ፤ ግቢው ሁሉ ሰማ።»

«ምን አሉ?»

«‹ታዲያ ቅዳሜ ቀን እዚህ ምን ታደርጋለህ?› አለኝ።»

ሳቋ መጣ፤ እንባዋም ቀደመው። እጇን ልትጠርግ ጨርቅ ስትፈልግ እሱ ቀደማትና ከነግራሶው ያዘው።