ሦስት ሺህ ምት ያለ ዕረፍት

የሌላውን ሕመም ለመስማት ያልፈቀደ ሰው፣ ቀን የጎደለ ዕለት የገዛ ደንቆሮነቱ ይመሰክርበታል። ወንጀሉን ከጎረቤት ዐይን ሊሰውር ይችል ይሆናል፤ ዕድሜውን ሙሉ ያሳደገውን ጠባዩን ግን የት ይደብቀዋል? ይህ ታሪክ የሚያስረዳው ይህንኑ ነው።

ሟቹ ጡረታ የወጡ ፖስታ አዳይ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት የሰው ደብዳቤ ተሸክመው በየደጁ ሲዞሩ፣ ለራሳቸው የሚጽፍላቸው ያልነበረ፣ ሚስታቸውን የቀበሩ፣ ልጅ ያልወለዱ ሽማግሌ። መርማሪዋ ስትደርስ በክሊኒኩ ሁለተኛ ክፍል አልጋ ላይ በሆዳቸው ተኝተዋል። ካልሲያቸውን አጣጥፈው ጫማቸው ውስጥ ከተውታል። ቀኝ ተረከዛቸው ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተሠራ ክብ ምልክትና ገና ያልደረቀ ቅባት ይታያል፤ ቆዳው እንደ ሻማ ነጥቷል። በግራ ክንዳቸው መታጠፊያ፣ ቁንጫ የነከሰች የምትመስል የመርፌ ቀዳዳ አለች።

ካጠገባቸው ሾክዌቭ የሚሉት መሣሪያ ቆሟል። ያለ ቢላ፣ የታመመ ጅማትን በሞገድ ምት እየደበደበ እንዲያገግም የሚያነቃ ነው። እጀታው የታመመው አካል ላይ ይደገናል፤ ወለሉ ላይ ያለው መርገጫ ሲረገጥ ይመታል፤ የታዘዘለትን ቁጥር ሲጨርስ በራሱ ይቆማል። ከመርገጫው አጠገብ፣ ታካሚዎች እግራቸውን ለማጠንከር የሚያስሩት የአሸዋ ከረጢት ወድቋል። መንታው መደርደሪያው ላይ ነው። መርማሪዋ ሁለቱንም አየች።

የክሊኒኩ ባለቤት የሆነው ሐኪም በተረጋጋ አንደበት ቃሉን ሰጠ። ሦስት ሰዓት ላይ ሽማግሌውን ሰላም ለማለት ገብቶ ነበር። በመሣሪያው የምታክማቸውን ባለሙያ ቅባት እንድታመጣ ወደ ምድር ቤት ላካት፤ ከዚያ ወጥቶ ከሟቹ የእህት ልጅ ጋር ቢሮው ተቀመጠ። መሣሪያው ሲያንኳኳ ሁለቱም በግድግዳው በኩል ሰምተዋል።

«የመሣሪያው መዝገብ የተከፈተው በባለሙያዋ የምሥጢር ቁጥር ነው» አለ። «ምን ልበልዎ? እጄ ላይ ያደገች ልጅ ናት።»

የእንግዳ መቀበያዋ ሠራተኛም ቃሉን አጸናችለት። ዶክተሩ ሲወጣ መሣሪያው ሥራ ጀምሮ ነበር፤ ባለሙያዋ ስትመለስ አላየቻትም፤ ነገር ግን ክፍሉ ከምድር ቤት የሚያስገባ የጓሮ በር አለው።

የእህት ልጁ ጥፍሩ በግራሶ የጠቆረ መካኒክ ነው። አጎቱን ካየ ስምንት ወር እንደሆነው አቀርቅሮ ተናገረ።

«ታዲያ ዛሬ ምን አመጣህ?»

«ዶክተሩ ነው በጠዋት የደወለልኝ። ስለ አጎትህ ጤና እንነጋገር አለኝ።»

«ድምፁንስ ሰማህ?»

«ሰማሁ እንጂ። ዶክተሩም ሁለት ጊዜ ‹ሰማህ? ሥራ ላይ ናት› አለኝ። እኔ መካኒክ ነኝ፣ እትዬ። ማሽን መሥራት አለመሥራቱን ለኔ ይነግረኛል ብዬ በሆዴ ሳቅሁ።»

«ድምፁ ሲቆምስ?»

«እሱ ቀድሞ ገባ። ጎንበስ ሲል የአጎቴን ጫማ የሚያነሣ መስሎኝ ነበር።»

ባለሙያዋ ቅባቱን ፍለጋ ምድር ቤት ስትንከራተት እንደቆየች ተናገረች። ያያት ሰው አልነበረም፤ ቅባቱም አልነበረም። ከወር በፊት የአንዲት ሯጭ ልጅ የቁርጭምጭሚት ጅማት እዚሁ አልጋ ላይ ተበጥሶ ነበር። ሐኪሙ እርሷን ለሙያ ጉባኤ ከሰሰ፤ እርሷ ግን «ጅማቱ ለዚህ ኃይል ገና አልደረሰም» ብላ ስታንገራግር እጀታውን ነጥቋት የመታው እርሱ ነው ትላለች። ሯጯ በሆዷ ተኝታ፣ ጆሮዋ ላይ ሙዚቃ ሰክታ ስለነበር አላየችም፤ አልሰማችም። ያዩት ከመጋረጃው ወዲያ የተኙት ፖስታ አዳይ ብቻ ናቸው።

«አባባ ሰኞ ለሙያ ጉባኤው ሊመሰክሩልኝ ነበር» አለች። «አሁን ፈቃዴን ማጣቴ ሲገርመኝ፣ የሳቸው ገዳይ ተብዬ ልታሰር ነው።»

መርማሪዋ ማስታወሻዋን ዘጋች። ቀኝ ትከሻዋ ከታመማት ዓመት አልፎታል። ለማንም አልተናገረችም፤ ቤቷ ውስጥ የሚነገረው ሰው አልነበረም።

«ልጄ» አለች፣ ካፖርቷን እያወለቀች፣ «ሥራሽን እስቲ በኔ ላይ አሳዪኝ።»

በአንደኛው ክፍል፣ በሌላ መሣሪያ፣ ባለሙያዋ ጣቷን ትከሻዋ ላይ እያሳረፈች ቦታውን ፈለገች፤ ባገኘችው ጊዜ በእስክሪብቶ ከበበችው። በዝቅተኛው ኃይል ጀመረች። ጥቂት መታችና አቆመች፤ ከአሥር ስንት እንደሚያማት ጠየቀቻት። ጨመረች፤ እንደገና አቆመች።

«ለምን ቀድመሽ አታደነዝዢኝም?»

«ካደነዘዝኩዎት ማን ይመራኛል? መንገዱን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። አሁንስ? ወደ ውስጥ ነው ወይስ ወደ ላይ?»

መርማሪዋ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ዐይኗ እንባ ያቀረረው ከምቱ ብርታት አልነበረም። ስትነሣ በመስታወት አየችው፤ ትከሻዋ በጥፊ እንደተመታ ጉንጭ ቀልቷል። ወዲያውም የሁለተኛውን ክፍል መሣሪያ መዝገብ አስወጥታ እስከ ማታ አብራው ተቀመጠች።

በሦስተኛው ቀን፣ የአስከሬን ምርመራው ሲደርስ፣ አራቱንም በእንግዳ ማረፊያው ሰበሰበቻቸው።

«ከተረከዙ ልጀምር» አለች። «በሕይወት ያለ ሰው ቆዳ ሲመታ ይቀላል። ጥቂት ምት የኔን ትከሻ አቅልቶታል። መሣሪያው በዚያ ጠዋት ሦስት ሺህ ጊዜ መቷል፤ የሽማግሌው ተረከዝ ግን ነጭ ነበር። እንግዲህ ድምፁ ሲሰማ እሳቸው በሕይወት አልነበሩም።»

ቀጥላ መዝገቡን ዘረጋች። ሽማግሌው ከዚህ ቀደም አሥራ አንድ ጊዜ ታክመዋል። በሁሉም ኃይሉ ከዝቅተኛው ተነሥቶ በደረጃ ይወጣል፤ ምቱም እየደጋገመ ይቆማል። አንዴማ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ቆሟል።

«ያን ዕለት የነከሳቸውን ውሻ ታሪክ እያወሩልኝ ነበር» አለች ባለሙያዋ። «ከነዘር ማንዘሩ።»

መካኒኩ ሊስቅ ጀምሮ ተወው፤ ያን ታሪክ እርሱ ሰምቶት አያውቅም።

«በሞቱበት ቀን ግን» አለች መርማሪዋ፣ «ሦስት ሺሁም ምት በከፍተኛው ኃይል፣ ያለ አንዲት ዕረፍት ተመቷል። እጀታውን የያዘ ሰው አልነበረም። መርገጫው ላይ የአሸዋ ከረጢት ተጭኖ ነበር።»

ሐኪሙ ትከሻውን ነቀነቀ። «ማሽን እኮ ነው። አንዴ ከተነሣ መምታት ነው ሥራው። ማቆሙ ምን ይረባል?»

«ሰውየውን መጠየቅ ነዋ» አለች ባለሙያዋ፣ ቀስ ብላ።

 መርማሪዋ ወደ ሐኪሙ ዞረች።

«የሞቱትን ሽማግሌ በሕይወት ያሉ ያስመሰለው ያ ድምፅ ማንን ጠቀመ? ባለሙያዋን አይደለም፤ የከሰሳት ራሱ ድምፁ ነው። የጠቀመው ሲያንኳኳ ከምስክር ጋር የተቀመጠውን ነው። ምስክሩንም በጠዋት ደውሎ የጠራው ራሱ ነው። ባለሙያዋን ለሌለ ቅባት ምድር ቤት ልኮ ተረከዙን የቀባውም እሱ ነው። ቀድሞ ገብቶ ጎንበስ ያለውም ከረጢቱን ከመርገጫው ሊያነሣ ነው። መዝገቡም ባለሙያዋ ለሕክምናው ከፍታው ስለሄደች፣ ቁጥሯን ማወቅ አላስፈለገውም። ደግሞ እዚህ መዝገብ ውስጥ ያለ ዕረፍት፣ በከፍተኛው ኃይል የተሠራ ሌላ አንድ ሕክምና ብቻ አለ፤ የሯጯ። ሁለቱም የአንድ እጅ ሥራ ናቸው። ሽማግሌው ሰኞ ሊናገሩት የነበረውም ይህንኑ ነው።»

በመጨረሻም የምርመራውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረች። በሟቹ ደም የተገኘው ልብ የሚያቆም መድኃኒት ከተቆለፈው ቁም ሣጥን የወጣ ነበር። የቁም ሣጥኑ ቁልፍ ደግሞ አንድ ነው።

«ማስታገሻ ነው ብለሃቸው ክንዳቸውን ዘርግተው ሰጡህ» አለች፣ መዳፏን ወደ ሐኪሙ እያቀረበች። «ቁልፉን።»

ሐኪሙ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ቁልፍ አውልቆ ወረቀቱ ላይ አስቀመጠ። «መዝገቡን ለማየት ሦስት ቀን ቢዘገዩልኝ ኖሮ» አለ፤ ቀሪውን አልጨረሰውም።

ጉባኤው ባለሙያዋን ነጻ አወጣት። ፍርድ ቤቱ አስቦና ተዘጋጅቶ ሰው በመግደል ሐኪሙን ጥፋተኛ አደረገው፤ የሙያ ፈቃዱ ለዘለዓለም ተሰረዘ። ፍርዱ ሲነበብ ከጀርባው ያሉት አግዳሚ ወንበሮች ባዶ ነበሩ። ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ በዚያው ቀን ወደ ወኅኒ ወረደ።